ማሽኑን ይሉኝታ ያስተማርን ጊዜ

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ሁሉ «እንኳን ዐረፍሽ» ይለኛል። ለሞተ ሰውም ዐረፈ ነው የሚባለው። እኔ ግን አላረፍኩም። ጠዋት ተነስቼ እለብሳለሁ፣ ቦርሳዬን አነግታለሁ፣ በሩ ጋ ስደርስ የምሄድበት እንደሌለኝ ትዝ ይለኝና ተመልሼ ቁጭ እላለሁ። ልጄ አይታ አይታ «እማዬ፣ ለምን የሥራ ዘመንሽን አትጽፊም?» አለችኝ። ከእግሯ ሥር ዞር እንድልላት መሰለኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። የሚያነበውን ሰው ደስ ለማሰኘት ብዬ ግን የምጨምረው ነገር የለም።

ሒሳብ ተምሬ መጀመሪያ የተመደብኩት ፍቼ፣ አስተማሪ ሆኜ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ጠመኔ ሲሰጥ ከራሱ ጥርስ ነቅሎ የሚሰጥ የሚመስል ሰው ነው። ከዚያ አዲስ አበባ አንድ ኢንሹራንስ ኮምፒውተር ክፍል ገባሁ። እዚያ ያለው አለቃዬ ደግሞ ኮምፒውተሩን አቧራ እንዳይነካው በጥልፍ ጨርቅ ይሸፍነዋል፤ ሥራ ሲመጣም ጨርቁን ማንሳት ያሳሳዋል። ደመወዙ ደህና ነበር። እኔ ግን ቀን ከቀን የሰው ዕድሜና የመኪና ግጭት ሳባዛ፣ የተማርኩት ሒሳብ ውስጤ እየሻገተ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ያወጡኝ ጋሼ ደምሴ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ አስተምረውኛል። አንድ ቀን ሲኒማ ራስ ታክሲ ስጠብቅ ከኋላዬ «አንቺ ልጅ፣ ከየት ወደ የት?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ሳልል ማን እንደሆኑ አወቅኩ፤ ሰላምታቸው ይኸው ነበርና።

«ከቢሮ ወደ ቤት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እሱማ መንገድ ነው። ዕድሜሽን ነው የጠየቅኩሽ።»

በሳምንቱ መልቀቂያ አስገብቼ መርካቶ ሥራ ጀመርኩ። እናቴ «ሰው ከመርካቶ ወደ ቢሮ ይወጣል እንጂ ከቢሮ ወደ መርካቶ ይወርዳል?» ብላ ስታለቅስ ነበር።

ቢሯችን ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ፣ የሐጂ ነስሩ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሐጂ ምድር ቤቱ ላይ ጨርቅ በጅምላ ያከፋፍሉ ነበር። ጋሼ ደምሴ የሐጂን ልጅ ሒሳብ በነፃ ስላስተማሩ፣ ሐጂ ክፍሉን ያለ ኪራይ ሰጥተውናል። እኔና ብርሃኑ የሚባል ባልደረባዬ ለመርካቶ ነጋዴዎች የመጋዘን ፕሮግራም እየሠራን እንበላለን፤ ከዚያ የተረፈው ጊዜ ሁሉ የጋሼ ደምሴ ነው። ደንበኞች ሐጂን «ፎቅ ላይ ምን ይሸጣል?» ሲሏቸው «ቀስት» ይላሉ። «ለአደን?» ሲባሉ ደግሞ «እኔ ምኑን አውቄው፤ ብቻ ገዢ አላየሁበትም» ብለው ይስቃሉ።

ሐጂ አልዋሹም፤ የምንሠራው ቀስት ነበር። ሰው ሒሳብ ሲባል ቁጥር ይመስለዋል። ካቴጎሪ ቲዮሪ የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ግን ቁጥር አይጠይቅም፤ ዕቃው ውስጥ ምን እንዳለም አይጠይቅም። ጆንያው ተቋጥሯል፣ አይፈታም። የሚጠየቀው ከዚህ ጆንያ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ አለ ወይ፣ ከአንድ በላይ ካለስ በየትኛውም ብትሄድ ያው ነው ወይ የሚለው ነው። መንገዱን ቀስት አልነው። ሁለት ቀስቶች የሚቀጠሉት የአንደኛው መድረሻ የሁለተኛው መነሻ ሲሆን ብቻ ነው። ከራሱ ተነስቶ ራሱ ላይ የሚቀር፣ ምንም የማይነካ ቀስትም አለ፤ እሱን «ቁጭ በል» አልነው። ሄዶ እንዳልሄደ አድርጎ የሚመልስ መንገድ ያላቸውን ሁለት ዕቃዎች አቻ እንላቸዋለን፤ መንገዱን «ደርሶ መልስ»። ቀስቶቹ በተሣሉበት ሥዕል ላይ ሁለት መንገዶች ያው ከሆኑ ደግሞ ሥዕሉ «ይስማማል» ይባላል። የጋሼ ደምሴ ሕልም ይህንን ሁሉ በአማርኛ የሚረዳ፣ ሥዕል ሲሰጡት የሚስማማና የማይስማማውን የሚለይ ፕሮግራም መሥራት ነበር።

ስለ አሠራራቸው ብዙ መናገር እችላለሁ። ከጨርቁ ጥቅል የሚወጣውን ካኪ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በአናጺ እርሳስ ይሥላሉ። የተሳሳቱትን አያጠፉም፤ አጠገቡ ደግመው ይሥላሉ። ሻያቸውን ያለ ስኳር ጠጥተው ብርጭቆውን ራሳቸው ያጥባሉ። ኪቦርድ ከመንካቴ በፊት የምጽፈውን ቀስት መነሻና መድረሻ ጮክ ብዬ እንድናገር ያስገድዱኛል። ብርሃኑ አንድ ጊዜ ለፍጥነት ብሎ ቀስቱን በስሙ ብቻ መዝግቦ መነሻና መድረሻው ሌላ ቦታ እንዲቀመጥ ሲያደርግ፣ «ቀስት ከነመነሻው ከነመድረሻው ካልተወለደ አልተወለደም፤ አጥፋው» አሉት። የብዙ ሳምንት ሥራ ነበር፤ አጠፋው። በኋላ ልክ እንደነበሩ አየነው፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ቀስቶች አንድ ስም ይዘው ሲመጡ ሌላ መለያ አልነበረንም።

ፕሮግራሙ የማይገጥም ቀስት ወይም የማይስማማ ሥዕል ሲሰጡት የሚመልሰውን መልእክትም እሳቸው ናቸው የጻፉት። ብርሃኑ የስህተት ቁጥር እንስጠው አለ። ጋሼ ግን «ሰው ሲሳሳት ቁጥር አይወረወርበትም፣ ይጠየቃል እንጂ» ብለው ይህችን አስገቡ፦ «አይሆንም። ከየት ወደ የት?» ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በቀን የማነበው ሌላ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ዓይናቸው ደከመ። ግላኮማ ነው ተባለ፣ ሕክምናው ዘገየ፣ ካኪው ላይ የሣሉትን መስመር በጣታቸው እየዳበሱ መፈለግ ጀመሩ። ደረጃውን በግድግዳው ይዘው ይወጣሉ። አንድ ቀን እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «በቃ» አሉ። ያኔ ያለቀስኩትን ያህል አባቴ ሲሞትም አላለቀስኩም፤ ድምፅ ግን አላሰማሁም፣ እንዳይሰሙኝ።

አንድ ትልቅ ሥዕል ነበራቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የያዙት፣ በጥንድ በጥንድ የታሰሩ ዕቃዎች የሞሉበት፣ በየትኛውም በኩል ቢዞሩ ይስማማል ብለው የሚያምኑት ነገር ነው። ሳይሞቱ እውነት መሆኑን ማወቅ ነበር የሚፈልጉት። ሌላ ነገር ሲመኙ ሰምቼ አላውቅም። ከእንግዲህ መሣል ስለማይችሉ በቃል ሊነግሩኝ፣ እኔ ልጽፍ፣ ፕሮግራሙ የሚለውን ላነብላቸው ተስማማን። «የማላየውን እሱ ያይልኛል» አሉ።

መከራው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሀ እና ለን አንድ ላይ አስሮ ሐን መጨመርና፣ ለ እና ሐን አስሮ ሀን ከፊት መጨመር ለነጋዴ ያው ሦስት ጆንያ ነው። ለፕሮግራሙ ግን አቻ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። በመካከላቸው ያለውን ደርሶ መልስ፣ ድልድዩን፣ ካልነገሩት አይቀጥልም። ዓይን ላለው ሰው ቀላል ነው። በጨለማ ውስጥ ሆኖ ይህንን ሁሉ እስር በጭንቅላቱ ለሚሸከም ሽማግሌ ግን ከባድ ነው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ማሽኑ «አይሆንም። ከየት ወደ የት?» ይላል፣ እኔ አነባለሁ። እሳቸው ግንባራቸውን አሻሽተው እንደገና ይጀምራሉ። ያንን ጥያቄ ለእሳቸው መልሼ ስጠይቅ የተሳደብኩ ያህል ያሳፍረኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ከሄዱ በኋላ ብርሃኑ ወንበሩን ገፍትሮ ተነሳ።

«ኮምፒውተር ሽማግሌ እንዲህ ያዋርዳል እንዴ? ድልድዩን ራሱ አይሠራውም?»

ሐጂ ነስሩ በአጋጣሚ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «እኔም ስወጣ ስወርድ እሰማለሁ» አሉ። «ትልቅ ሰው እኮ ናቸው። ‹አይሆንም፣ አይሆንም› ምንድን ነው? ትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?»

እኔም እውነት ነው አልኩ። ፕሮግራሙ አቻ ዕቃዎች ሲያጋጥሙት በመካከላቸው ያለውን ደርሶ መልስ ራሱ ፈልጎ፣ ዝም ብሎ እንዲያስገባ አደረግነው። በሁለት ዕቃዎች መካከል ከአንድ በላይ ድልድይ ቢገኝስ? ያው ነው፣ ሁሉንም እንደ አንድ ይቁጠራቸው አልን። ለጋሼ አልነገርንም። ለእርስዎ ብለን አቀለልነው ማለት ደክመዋል ማለት ስለሆነ፣ ያፍራሉ ብለን ፈራን። ማሽኑን ይሉኝታ አስተማርነው፤ ጎበዝ ተማሪ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ውኃ ወረደ። እሳቸው ሲናገሩ ማሽኑ ይቀበላል። እኔ «እሺ ብሏል ጋሼ» እላለሁ፣ ፊታቸው ይፈካል። እንዲህ እያልን መጨረሻው ደረስን። ትልቁን ሥዕል ሙሉውን ሰጥተነው ጥቂት አስቦ «ይስማማል» የሚል ቃል ሲያወጣ፣ አነበብኩላቸው። ደግሜ እንዳነብ ጠየቁኝ። ስክሪኑን በእጃቸው ፈልገው መዳፋቸውን አሳረፉበትና እንባቸው ወረደ። ብርሃኑ አቀፋቸው፤ ሐጂ ከታች ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ አስመጡ። የጨርቅ ቤቱ ሠራተኞች ሳይቀሩ ምን እንደተገኘ ሳያውቁ እንኳን ደስ አላችሁ እያሉ በሉ። «አሁንስ ብሞት ግድ የለኝም» አሉ ጋሼ። በሕይወቴ ከዚያ ቀን የበለጠ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከብዙ ወራት በኋላ ለተማሪዎች የሚሆን ምሳሌ ስሠራ ሰነፍኩና፣ ጥንዱን ከሁለት የተለያዩ ዕቃዎች በመሥራት ፈንታ ከአንድ ዓይነት ሠራሁት፤ ሀ እና ሀ። ሁለቱን ቦታ የሚያለዋውጠውን ቀስት ከ«ቁጭ በል» ጋር እንዲያወዳድር ሰጠሁት። «ይስማማል» አለኝ።

ይህ ስህተት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ጆንያ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ አንዱ ተሸካሚ መጥቶ ቢያለዋውጣቸው ለዓይን ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ባለቤቶቹ ግን የየራሳቸውን ይዘው አይሄዱም። መለዋወጥና ቁጭ ማለት አንድ አይደሉም። መነሻና መድረሻቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ማሽናችን አንድ አድርጓቸዋል፤ እንዲያ እንዲያደርግ ያዘዝነው እኛ ነን። የጋሼን ትልቅ ሥዕል አውጥቼ ወገቡ ላይ ስደርስ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃዎች ቦታ ሲለዋወጡ አገኘኋቸው። ማሽኑ እዚያ ጋ ሲደርስ አይቶ እንዳላየ አልፎ ነበር።

ብርሃኑ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «እንዳትነግሪያቸው» አለኝ። «ምን ይጠቅማቸዋል? ደስ ብሏቸው ይኑሩ እንጂ። ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ይቺንም ልትቀሚያቸው ነው?» ተጣላን። እንደተጣላን ቀረን ብል ይሻላል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆንንምና።

የጋሼ ቤት ከጭድ ተራ ጀርባ ነበር። በር ስከፍት ኮቴዬን አውቀው «ግቢ። ከየት ወደ የት?» አሉኝ።

«ከቢሮ ወደ እርስዎ» አልኩና ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ድልድዩን፣ ለምን እንደሠራነው፣ ሁለቱን ጆንያ፣ የሥዕሉን ወገብ።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ።

«ምን?»

«ያ ማሽን ከየት ወደ የት ማለት ተወ። እኔ እንዲህ ጎበዝ ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜ ልኬን ሳልሳሳት አንድ ገጽ ጽፌ አላውቅም። አንድ ቀን ጥንዱን ሆን ብዬ ገልብጬ ነገርኩሽ። ጻፍሽው። ‹እሺ ብሏል ጋሼ› አልሽኝ።»

«መቼ ነው?»

«ይስማማል ባለ በማግስቱ።»

ያን ጊዜ ተቀመጥኩ። «ታዲያ እንዴት ዝም አሉን?»

«ሙሸበክ አብልታችሁኝ!» ብለው ሳቁ። «ብርሃኑ እንዴት እንዳቀፈኝ ታውቂያለሽ? ያንን ሁሉ ደስታ እንዴት ብዬ ላፍርስ? ይሉኝታ ያዘኝ።» ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። «ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ሰው ሁሉ እሺ ጋሼ ነው የሚለኝ። ገደል ልግባ ብል እሺ ጋሼ ብሎ እጄን ይዞ የሚወስደኝ አይጠፋም። አይሆንም የሚለኝ አንድ ማሽን ነበረኝ። እሱንም አስተማራችሁት።»

ይቅር ይበሉኝ አልኩ። «ድልድዩን አውጡትና ማሽኑን አምጪልኝ» አሉ።

ከብርሃኑ ጋር ነቅለን አወጣነው። ላፕቶፑን ቤታቸው ወስጄ ሥዕሉን ከመጀመሪያው ጀመርን። ማሽኑ እንደ ድሮው ይጠይቃል፣ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ድልድዩን እየፈለጉ ይነግሩኛል። እንደሱ ሆነው አይቻቸው አላውቅም፤ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ፊታቸው በርቶ ነበር። አንድ ጊዜማ «ተመለሰ፣ ዘመዴ» አሉ። ወገቡ ጋ ደረስን። «አይሆንም። ከየት ወደ የት?» ብዬ አነበብኩ። አሰቡ። አንድ መንገድ ነገሩኝ፤ አይሆንም አለ። ሌላ ነገሩኝ፤ አይሆንም አለ። በሌላ ቀን ተመልሼ፣ ደግሞ በሌላ ቀን ተመልሼ ሞከርን። የሚወስድ ቀስት የለም። አለመኖሩን እኔ ካወቅኩ ቆይቼ ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው እስኪሉት ድረስ ግን አነበብኩ።

«ተይው» አሉ በመጨረሻ። «ሐሰት ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ሐሰት ነበር።»

ሰው ሐሰቱን ባወቀ ቀን ይገላገላል የሚሉ አሉ። ጋሼ ደምሴ አልተገላገሉም። ከዚያ በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ «ግቢ» ብቻ ይሉኛል፤ ከየት ወደ የት ማለትን ተዉ። ሬዲዮኑም ተከፍቶ አያዳምጡትም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

ከቀብሩ በፊት ሐጂ ነስሩ የሕይወት ታሪካቸውን አስጽፈው፣ እስኪ ተመልከቺው ብለው አሰሙኝ። ማለቂያው ላይ «ለዘመናት የደከሙበትን ታላቅ የሒሳብ ሥራ ከፍጻሜ አድርሰው» ይላል። ሐጂ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ጋሼን እንደ ወንድም ነው የሚወዷቸው። «ልክ ነው አይደል ልጄ?» አሉኝ። «እሺ ሐጂ፣ ልክ ነው» አልኳቸው። ያ ቃል በሰው ሁሉ ፊት፣ ሳጥናቸው አጠገብ ተነበበ። ብርሃኑ ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ ሁለታችንም አቀረቀርን። አይሆንም ሊል የሚችለው አንድ ሰው ሳጥኑ ውስጥ ነበር።

የቀረው አጭር ነው። ፕሮግራሙን አስተካክለን በየዩኒቨርሲቲው ሰጠን፤ ተጠቀምኩበት ያለኝ ሰው አልገጠመኝም። ብርሃኑ መለዋወጫ ንግድ ገባ። ሐጂ አልፈው ሕንፃው ለልጆቻቸው ሆነ፤ ሊፈርስ ነው ይባላል። የመጋዘኑንም ሥራ አሁን በስልክ ይሠሩታል። ጡረታ ልወጣ በቀረኝ የመጨረሻ ወር፣ ቢሮው ውስጥ ከእኔ በኋላ የመጡት ልጆች አንድ የሚያወራ ማሽን አሳዩኝ፤ የጠየቁትን ሁሉ በአማርኛ ይመልሳል፣ ፕሮግራምም ይጽፋል። «እትዬ፣ የፈለጉትን ይጠይቁት» አሉኝ። የጋሼን ሥዕል ሰጠሁት። እጅግ ድንቅ ሥራ ነው፣ ይስማማል አለኝ። ሐሰት ነው አልኩት። ልክ ነዎት፣ ሐሰት ነው አለኝ። የለም፣ እውነት ነው አልኩት። ይቅርታ ጠይቆ እውነት ነው አለኝ። ልጆቹ «አሪፍ ነው አይደል?» ሲሉኝ፣ ደስታቸውን ላለማፍረስ አሪፍ ነው አልኩ።

ትናንት አሮጌውን ላፕቶፕ አውጥቼ ቻርጀሩን ሰካሁ። ይነሳል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ተነሳ። ሥዕሉን ከፈትኩና ወገቡ ላይ መለዋወጡ ከ«ቁጭ በል» ጋር አንድ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ እንዲሁ፣ እንዲያልፈኝ ፈልጌ። «አይሆንም። ከየት ወደ የት?» አለኝ። ለጋሼ እንደማነብላቸው ጮክ ብዬ አነበብኩት። ልጄ ከወዲያኛው ክፍል፣ ምን እንዳልኩ ሳትሰማ፣ «እሺ እማዬ» አለችኝ።